ትንፋሼን የሚቆጥርልኝ ሰው

ስሜን አልጽፍም። የወንድሜንና የጓደኛዬንም ስም ቀይሬዋለሁ። ደቡብ አፍሪካ፣ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብላ ባለችው ኦሬንጅ ፋርም ያለን ሐበሾች ብዙ ስላልሆንን፣ ስም ባልጠራም የሚያውቀኝ ማወቁ አይቀርም፤ እሱን ለመከልከል አቅሙ የለኝም። ደክሞኛል። ይህችን ለመጻፍ እንኳ በየመሃሉ እየተጋደምኩ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። የምጽፈው ይህ ሕመም ያለበት ሰው፣ ወይም ይህ ሕመም ያለበት ወንድም ያለው ሰው፣ እኛ የሠራነውን ስህተት እንዳይደግም ነው። ጆሮ የሚሰጠኝ አንድ ሰው ካገኘሁ ይበቃኛል።

ነገሩ የጀመረው በወገቤ ነው። ከታላቅ ወንድሜ ከአበራ ጋር ስፓዛ ነበረን፤ በመኖሪያ ሰፈር መሃል፣ በብረት ፍርግርግ በኩል ዳቦና ስኳር የምትሸጥ ትንሽ ሱቅ ማለት ናት። አንድ ጠዋት የበቆሎ ዱቄት ከባኪው፣ ከትንሿ የጭነት መኪና ላይ ሳወርድ ወገቤ ቋ አለና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አበራ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ። በሳምንቱ ካልሲዬን ማጥለቅ አቃተኝ።

የመንግሥት ክሊኒክ ሄድኩ። ሳይነጋ ተሰልፌ ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ፤ ነርሷ ከወገቤ ይልቅ የጥገኝነት ወረቀቴን በጥንቃቄ መርምራ ፓናዶ ሰጠችኝ። ፓናዶ እዚህ ለራስ ምታትም ለተሰበረ እግርም የሚሰጥ ኪኒን ነው። መሃል ከተማ፣ ሐበሻ በሚነግድበት ጂፒ በሚባል ሰፈር ያለ የግል ሐኪም ደግሞ ኩላሊትህ ነው አለኝ። ሌላኛው ጨጓራህ ነው ወደ ጀርባህ የሚሄደው ብሎ ነጭ ፈሳሽ አዘዘልኝ። የሀገሬ ሰው ሁሉ ሳይነካኝም ሳይጠይቀኝም «ብርድ ነው» አለ። አንድ ወገብ ይህን ሁሉ በሽታ ተሸክሞ ወደ ሱቅ ተመለሰ።

የረዳኝ ከፋርማሲ የሚገዛ፣ ኮዴይን ያለበት ኪኒን ብቻ ነበር። ኮዴይን ከኦፒየም ዘር የሚቆጠር ማስታገሻ ነው፤ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ ለወገቤ ወሰድኩት፣ ከዚያ ለእንቅልፍ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ለመቆም። በመጨረሻ ለምን እንደምወስደው ራሴን መጠየቅ ተውኩ። አንዷ ፋርማሲ ፊቴን ስትለምደው ወደ ሌላዋ እሄድ ነበር።

ጓደኛዬ መላኩ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነበር። እሱ የኮምቦልቻ ልጅ፣ እኛ የደሴ፤ ስለዚህ እንደ ዘመድ ነበርን። ኮዝሞ ሲቲ የሚባል ሌላ ሰፈር የራሱ ሱቅ ነበረችው፤ ከዚያ በተረፈው ጊዜ በባኪው ለሌሎች ሱቆች ለስላሳ ያከፋፍላል። ጨዋታ አያልቅበትም። ደንበኞቻችንን በዙሉ «ሳውቦና ማማ» እያለ ሲያጫውታቸው ዳቦ ሊገዙ የመጡት ለስላሳ ጨምረው ይሄዱ ነበር። አንድ ሐሙስ ወገቤን ይዤ ሳቃስት አየኝና «ያንን የሕፃን ኪኒን ተወው» አለኝ። የሰጠኝ ሄሮይን ነበር። የሰፈሩ ሰው ሌላ ስም አውጥቶለታል፤ እኔ ግን በስሙ ልጥራው። መላኩን አልወቅሰውም፤ ለሱም የሰጠው ሰው ነበር። መጀመሪያ በጭስ፣ ኋላ በመርፌ ሆነ። አንድ ዓመት ሙሉ ወገቤ የሚባል ነገር መኖሩን ረሳሁት።

አበራ አላወቀም። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል፤ አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ጎህ ሳይቀድ ሱቅ ይከፍታል፣ ዘግቶ ዳዊቱን ይደግማል፣ ይተኛል። ስከሳ «ምግብ አልስማማው ብሎ ነው» ይላል፤ ስፈዝ «ሥራ በዝቶበት ነው» ይላል። ክፉ ነገር በኔ ላይ ማሰብ አይሆንለትም። በዚህ ስንቴ እንዳታለልኩት አልናገርም፤ ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኮሮና ምክንያት ሎክዳውን ታወጀ። ወታደር መንገድ ላይ ወጣ፣ ታክሲ ጠፋ፣ መላኩም መምጣት አልቻለም። በሁለተኛው ቀን አፍንጫዬ መፍሰስ ጀመረ። አስነጠሰኝ፣ አንቀጠቀጠኝ፣ ወዲያው ደግሞ በላብ ተጠመቅኩ። አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ይቆረጥመኛል፤ ሆዴ አልይዝ አለ። ዕፅ የለመደ ሰው ሲቋረጥበት የሚመጣ ሕመም ነው። እኔ አውቄዋለሁ። አበራ ግን በሩ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየኝና ጭንብሉን ወደ አፍንጫው ሳብ አደረገ።

«ኮሮና ነው» አለ።

«ሳይሆን አይቀርም ጋሼ» አልኩት።

ኮሮና ያኔ የተከበረ በሽታ ነበር። ሚኒስትርም ይይዘዋል፣ ቄስም ይይዘዋል፣ ማንም አያፍርበትም። ሕመሜን ለዓመታት ስደብቅ ኖሬ፣ እንዲህ ያለ ጥሩ ስም በነፃ ሲመጣልኝ እንዴት እምቢ ልበል?

የዱቄትና የሳሙና ካርቶን ከምናስቀምጥበት የጓሮ ክፍል ውስጥ ፍራሽ አነጠፈልኝና ከውጭ ቆለፈው። «እንዳታስይዘኝ ብዬ ሳይሆን ደንበኛ እንዳይጋባበት ነው» አለኝ። ከዚያ ሕክምናው ጀመረ። ፌጦ በሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ዝንጅብል በሁሉም ነገር። በፈላ ውኃ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበህ ታጠን ይለኛል፤ እኔ ለመቀመጥ እንኳ አልችልም። በኢሞ ከደሴ እናታችን፣ ከኮምቦልቻ የመላኩ እናት፣ ከጂፒ ነጋዴው ሁሉ ምክር ይልካሉ። አበራ ምክሩን በሙሉ ይፈጽማል። የተቆለፈው በር ሥር ተቀምጦ ዳዊት ሲደግም እሰማዋለሁ፤ መሃል ላይ ዝም ካለ እያለቀሰ ነው። እኔ በወዲህ በኩል ሆዴን ይዤ ካርቶን ላይ ስሙን የማላውቀውን የሳሙና ማስታወቂያ እያነበብኩ አለቅስ ነበር። ለየቅል ነበር የምናለቅሰው።

በሁለት ሳምንቱ ተነሣሁ። ከመቆለፌ በፊት አበራ ክሊኒክ ወስዶ ያስደረገልኝ ምርመራ ውጤት ዘግይቶ መጣ፤ ኮሮና የለበትም ይላል። አበራ አነበበና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። «መሣሪያቸው ደካማ ነው» አለ። እኔ አሁን ኮሮናን ያሸነፍኩ ሰው ነበርኩ። ከአሌክሳንድራ፣ ከፕሪቶሪያ፣ ከማላውቀው ቦታ ሁሉ ሰው እየደወለ «ፌጦውን በባዶ ሆድ ነው ወይስ ከምግብ በኋላ?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ «በባዶ ሆድ ነው» እላለሁ።

ያላወቅነው ግን ይህ ነው፤ እባካችሁ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ያን ሁለት ሳምንት ሰውነቴ ዕፁን መልመዱን ረስቶ ነበር። ፍላጎቱ ግን አልረሳም። መንገድ ሲከፈት መላኩ መጣ። እኔ የድሮው ሰው መስሎኝ የድሮውን ያህል ወሰድኩ፤ ያቺው የጓሮ ክፍል ገብቼ፣ ከውስጥ ቆልፌ፣ ብቻዬን።

ከዚህ በኋላ ያለውን የምናገረው ከሰው ሰምቼ ነው። አበራ ሲጠራኝ ዝም አልኩት። በሩን በትከሻው ሰብሮ ሲገባ ከንፈሬ ጠቁሮ፣ እያንኮራፋሁ በሚመስል ድምፅ ቆይቼ ቆይቼ አንዴ እተነፍሳለሁ። ኮሮናው አገረሸበት ብሎ በጎረቤት ባኪ ሆስፒታል ወሰደኝ። ደጅ ላይ ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው በየወንበሩ እየሳለ ወረፋ ይጠብቃል። እኔን ያየችኝ ነርስ ግን ሳል አልፈለገችም፤ የዓይኔን ብሌን አየች፣ እጅጌዬን ሰበሰበች፣ አበራን ከድንኳኑ አስወጣችው። ዕፁን ከአንጎል ላይ ገፍቶ ትንፋሽ የሚመልስ መርፌ አለ። እሱን ወጋችኝ።

ስነቃ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሲስተር ኖምሳ ልበላት። ወፈር ያለች፣ ሁለት ጭንብል የደረበች፣ ዓይኗ ሥር እንቅልፍ የቋጠረ ሴት ናት። በእንግሊዝኛ፣ ረጋ ብላ፣ ስለ መላመድና ስለ መርሳት ያስረዳችኝ እሷ ናት።

«ለወንድሜ እንዳትነግሪው» አልኳት።

«የኔ ሥራ መናገር አይደለም። ያንተ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወረቀት ላይ የመንገድ ስም ጻፈችልኝ። «ሜታዶን የሚባል ሽሮፕ አለ፤ ሕመሙንም አምሮቱንም የሚያስታግስ። ወረፋው ግን ረጅም ነው። እስኪደርስህ ድረስ የምትወስድ ከሆነ እኔ ፊት ውሰድ።»

አሳስቼ የሰማሁ መሰለኝ። ነርስ እኔ ፊት ተወጋ ትላለች?

ቦታው መሃል ጆሃንስበርግ፣ ለሎክዳውኑ ጊዜ ቤት የሌላቸው ሰዎች የተጠለሉበት አሮጌ የስፖርት አዳራሽ ነበር። ሲስተር ኖምሳ ሆስፒታሉ በማትገባባቸው ቀናት እዚያ ትሠራለች። ከኋላ አንዲት ቢሮ አለች፤ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ለኮሮናው ሲባል የማይዘጋ መስኮት። ዕፅ አትሰጥም፣ አትነካም። ንጹሕ መርፌ ትሰጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ደረቷ ላይ የተንጠለጠለችውን ሰዓት ይዛ ትንፋሽ ትቆጥራለች። ትንፋሹ የዘገየ ሰው ካለ ትከሻውን ትነቀንቃለች፣ ኦክስጅን ታደርግለታለች፤ ካልሆነም ያ ትንፋሽ የሚመልሰው መርፌ አለ። ሕጉ ስለዚህች ክፍል ምን እንደሚል ጠይቄያት አላውቅም። እሷም በሩ ላይ ጽሑፍ አልለጠፈችም።

ከኦሬንጅ ፋርም እዚያ ለመድረስ ታክሲው ሲሞላ፣ ሲያራግፍ፣ በፖሊስ ሲፈተሽ ረፋዱ ያልቃል። ሕመሙ አጥንቴን እየቆረጠመ፣ ጭንብል ውስጥ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ ሰው ኮሮና ይዞት ነው ብሎ እየሸሸኝ ነው የምሄደው። ስደርስ ደግሞ ወረፋ አለ። አግዳሚው ላይ ተራርቀን እንድንቀመጥ በቀይ ፕላስተር ምልክት ተደርጎበታል። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ የሟች ዜና ያወራል፤ የኛ ዓይነት ሟች ግን በዜናው ውስጥ የለም። አንድ ሽማግሌ ነበር፣ ስሙን አልጠየቅሁትም፤ ስንቀጠቀጥ ሲያይ ተራውን ይለቅልኝ ነበር። እሱም እየተንቀጠቀጠ ነበር እኮ። ከክፍሉ ስንወጣ ስኳር የበዛበት ሻይ በላስቲክ ኩባያ ይሰጡናል። ያን ሻይ ያህል የጣመኝ ነገር አላስታውስም።

አበራ «የት ነው የምትሄደው?» ሲለኝ «ለኮሮናው ክትትል» እለዋለሁ። ደስ ይለዋል። «ጎበዝ፣ ተከታተል» ብሎ ዳቦ ቋጥሮ ይሰጠኛል።

መላኩን አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኩት። በባኪው ውስጥ ተቀምጠን ነበር።

«እኔ ሰው ፊት ሽንቴን እንኳ አልሸናም» አለኝ። «ነርስ ቁጭ ብላ እያየችኝ?»

«ስትሞት የሚያይህ ከሌለ ማን ያድንሃል?»

«ደሞ ሐበሻ ቢገባና ቢያየኝስ?»

«ለምን ይገባል ታዲያ? እሱም ለዚሁ አይደል የሚገባው?»

ሳቀ። መሪውን እየደበደበ ነው የሳቀው። ግን አልመጣም። እኛ ሐበሾች ብዙ ነገር ሰው ፊት እናደርጋለን፤ እንበላለን፣ እናለቅሳለን፣ እንጣላለን። ለውርደታችን ብቻ ቁልፍ አለን።

የመላኩ ሱቅ ሁለት ቀን ሳይከፈት ሲቀር የቤቱ ባለቤት ሰው ጠራ። ቤቱ ከውስጥ በሦስት ቁልፍ ተዘግቶ ነበር። ሁላችንም ዘራፊ ፈርተን እንደዚያ ነው የምንተኛው፤ ለሌባ የሠራነው ብረት ለሊቀመላእክትም አይከፈትም። በመጋዝ ቆርጠው ሲገቡ መላኩ አልጋው ጥግ መሬት ላይ ተቀምጦ ሞቷል። ቀድመው የገቡት የሀገር ልጆች አጠገቡ ያለውን መርፌ አንሥተው ደበቁ። በክፋት አልነበረም፤ ገበናውን ለመሸፈን፣ ለእናቱ ክብር ብለው ነው። ከዚያ ሁሉም ኮሮና ነው አለ። በረራ ስላልነበረ እዚሁ ተቀበረ፤ ቀብሩ ላይ ቁጥራችን ተወስኖ፣ ተራርቀን ቆመን።

አበራ የማኅበራችን ፀሐፊ ነው፤ ቤተሰብ ማርዳት የሱ ሥራ ነው። የዚያን ቀን ከሰዓት ሱቁ ውስጥ ስልኩን ወደኔ ዘረጋ።

«አንተ ንገራቸው» አለኝ። «ጓደኛህ ነው። ደሞ በሽታውን ታውቀዋለህ፤ እንዴት እንደሚያደርግ፣ ተሠቃይቶ እንደሆን ይጠይቁሃል። አንተ ድነህ የለ፣ ታጽናናቸዋለህ።»

ስልኩን ተቀብዬ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።  መዋሸትም ይደክማል፤ የሚደክምበት ቀን እንዳለው አላውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ መላኩ ኮሮና አልነበረበትም። እኔም አልነበረብኝም።» እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየሁት።

ክንዴን አየ። ፊቴን አየ። ደንበኛ መጥቶ ፍርግርጉን በሳንቲም ያንኳኳል፤ አልሰማውም።

«ሁለት ሳምንት በር ላይ የተቀመጥኩት» አለ በመጨረሻ፣ «ያ ሁሉ ፌጦ...» ከዚያ በጥፊ መታኝ። መትቶኝ አያውቅም ነበር። እጁን ዓይቶ ራሱ ደነገጠ።

ለመላኩ እናት የደወለላቸው እሱ ነው። ኮሮና ነው አላቸው። ስልኩን ሲዘጋ ቁልፉን አነሣ፣ ክንዴን ይዞ ወደ ጓሮው ክፍል ወሰደኝ። «አሁን አውቄዋለሁ» አለኝ። «እዘጋብሃለሁ። እስኪወጣልህ አልከፍትም። ያኔ ሁለት ሳምንት ነበር፤ አሁን ሁለት ወር ይሁን።»

በሩን በእግሬ ያዝኩት። እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም። የፈራሁት ሕመሙን አልነበረም። «ጋሼ፣ ሊገድለኝ የነበረው ያ መዘጋት ነው። ሰውነቴ ይረሳል፣ ስወጣ እወስዳለሁ፣ እሞታለሁ። አልወስድም ብዬ ልምልልህ እችላለሁ፤ ግን እዋሽሃለሁ። ነገ አንድ ቦታ አብረኸኝ ሂድ። ካየኸው በኋላ የፈለግከውን አድርገኝ።»

በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ ሄደ። ሱቁ በሥራ ቀን ሲዘጋ ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው።  አዳራሹ ደርሰን አግዳሚው ላይ፣ ቀዩ ምልክት ላይ ተቀመጠ፤ ሽማግሌው ሰላም ሲለው በግንባሩ ብቻ መለሰለት። ሲስተር ኖምሳ ወጥታ «ቡቲ» አለችው፤ በዙሉ ወንድሜ ማለት ነው።

«አንቺ ሐኪም ነሽ» አላት በተሰባበረ እንግሊዝኛው። «ለምን አትከለክዪውም?»

«አንተ ከልክለኸው ነበር» አለችው። «በቁልፍ። እኔ ጋ በባኪ ተጭኖ ነው የመጣው።»

ዓይኑን ወደ ክፍሏ በር አዞረ።

«ወረፋው እስኪደርሰው በሕይወት መቆየት አለበት። የኔ ሥራ ይቺ ብቻ ናት። እኔ ተቀምጬ እያየሁት የሞተ ሰው የለም፤ ከዚህ ወጥተው ብቻቸውን የወሰዱ ግን ሞተውብኛል።»

 ስንወጣ ለአበራም ሻዩን ሰጡት፤ ቆሞ ጠጣው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያምር ጥሩ ነበር፣ አላማረም። ኮሮናው እንደገና ሲብስ አዳራሹ ተዘጋ፣ ሰዎቹ ወዲያና ወዲህ ተበተኑ። የሜታዶኑ ወረፋ ገና አልደረሰኝም። ሲስተር ኖምሳ በመጨረሻው ቀን አበራን ለብቻው ወስዳ አስተማረችው፤ ከንፈር ሲጠቁር፣ ጉሮሮ ሲያንኮራፋ፣ ትንፋሽ ሲራራቅ ምን እንደሚደረግ፣ አገጭ እንዴት ቀና እንደሚል፣ ለማን እንደሚደወል። የዚያን ትንፋሽ የሚመልስ መድኃኒት አንዲት ብልቃጥና መርፌም ሰጠችው። ወንድሜ ጭንብሉን አውልቆ የሚነግሩትን እንደሚያጠና ሕፃን ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የጓሮው ክፍል በር አልተቆለፈም። እኔ ፍራሹ ላይ፣ አበራ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ላዩ ላይ። መርፌውን ሳስገባ ፊቱን ወደ ሳሙናው ካርቶን ያዞራል። ስጨርስ ይዞርና እጁን ደረቴ ላይ አድርጎ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። «አንድ... ሁለት... አይዞህ... ሦስት።» ደንበኛ ከፊት ለፊት «ማይ ፍሬንድ! ዳቦ!» ብሎ ሲጮህ «ዝግ ነው!» ብሎ ይመልሳል። አንዳንዴ ይቆጣኛል፣ ይረግመኛል፣ መቁጠሩን ግን አያቋርጥም። ሚስቱ ከደሴ ስትደውል ድምፁ ሲያረጅ እሰማለሁ። በኔ የተነሣ ነው። ይህን ለማስተካከል የማውቀው መንገድ የለም።

አንድ ቀን ቁጥሩ ቆመ። እኔ አላውቀውም፤ እሱ ነው የነገረኝ። ነቀነቀኝ፣ አልነቃሁም። መርፌው ከእጁ አምልጦ ወደቀበት። ያኔ ሰው ለሰላምታ እንኳ አይጨባበጥም ነበር፤ አበራ ብር ሳይቀር በሳኒታይዘር የሚያጥብ ሰው ነው። አፉን አፌ ላይ አድርጎ ተነፈሰልኝ። ደግሞ ተነፈሰልኝ። ከዚያ መርፌውን ፈልጎ አገኘው። ስነቃ ከጎኔ መሬት ላይ ተጋድሞ ጣራውን ያያል፣ ያለከልካል።

«ነገም አብሬህ እቀመጣለሁ» አለኝ። «ግን እባክህ ወንድሜ፣ ደክሞኛል።»

እኔም ደክሞኝ ነበር። 

የሜታዶኑ ስልክ ከዚያ በኋላ መጣ። ወፍራም፣ መራራ ሽሮፕ ነው፤ በየቀኑ ነርስ ፊት ትጠጣለህ። ደስታ የለውም። ያልብሃል፣ ሆድህ ይደርቃል፣ ለሽሮፑ ብለህ ቀንህ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ወድቄ ተመልሻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳልወስድ በፊት ለአበራ ነግሬው ተቀምጦልኛል። አሁን ዓመት አልፎኛል። ወገቤ እንደገና ያመኛል፤ ሲያመኝ ፓናዶ እውጣለሁ፣ አይረዳኝም። ድኛለሁ የሚለውን ቃል አልወደውም። በሕይወት አለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። የመላኩ እናት በየበዓሉ ይደውሉልናል። በደወሉ ቁጥር «አንተ የተረፍክበት በሽታ ልጄን ወሰደብኝ፤ ምን አጥፍቶ ነው?» ይሉኛል። ባለፈው ሰሞን አልቻልኩም። እውነቱን ልንገራቸው ወይ ብዬ አበራን ጠየቅሁት፤ ወንበር አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሕመሙን ስም፣ እኔም እንዳለብኝ፣ ኮሮና ብለን እንደዋሸናቸው። ማኅበሩ ይቀየመኝ፣ እሳቸውም ይርገሙኝ ብዬ ቆርጬ ነበር።

 ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ አየሁት።

«ሲሞት ማን ነበር አጠገቡ?» አሉኝ።

«ማንም አልነበረም፣ እማማ።»

ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። ስልኩን ይዤ ቆየሁ። ሲበርድላቸው አፍንጫቸውን ጠረጉና በዚያው በደከመ ድምፅ ጠየቁኝ።

«አንተስ ልጄ? አንተ ጋ ሰው አለ?»

አበራን አየሁት።

«አለ፣ እማማ» አልኳቸው።